ክብደቱ ጫፉ ላይ ነው፦ የሜስ ስፖርት ለጀማሪዎች

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

ሳምንታዊው የጤናና የሰውነት ማጎልመሻ ዝግጅታችን ሰዓቱን ጠብቆ ጀምሯል። ቡና እያፈላችሁ ያላችሁም፣ መኪና እየነዳችሁ የምትሰሙንም፣ ከሥራ ገብታችሁ ጋደም ያላችሁም እንኳን አብራችሁን ሆናችሁ። ጋደም ያላችሁትን ግን አሁኑኑ ላስነሳችሁ ነው።

ቤት ውስጥ እጀታው ረዘም ያለ መጥረጊያ ወይም የወለል መወልወያ አለ? ካለ አምጡት። መኪና የምትነዱት ይቅርባችሁ፤ ቤት ስትደርሱ ትሞክሩታላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አገኛችሁት? ጥሩ። መጀመሪያ መጥረጊያውን መሐሉ ላይ በአንድ እጅ ያዙትና አግድም አድርጉት። ከበዳችሁ? አይመስለኝም። አሁን ደግሞ የእጀታውን ጫፍ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ያዙ። መጥረጊያውን ወደ ፊት ዘርጉትና እንደ ቅድሙ አግድም ለማቆየት ሞክሩ።

(ለአፍታ ዝምታ)

የእጅ አንጓችሁ ምን አለ? ክንዳችሁስ? መጥረጊያው ያው መጥረጊያ ነው፤ አንድ ግራም አልጨመረም። የተለወጠው ክብደቱ ከእጃችሁ የራቀበት ርቀት ነው። የዛሬው ዝግጅታችን በሙሉ የቆመው በዚህች ነገር ላይ ስለሆነ ልድገመው፦ ሸክም ከእጅ በራቀ ቁጥር ይከብዳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን እጅን የሚጠመዝዘው ኃይልም እጥፍ ይሆናል።

ዛሬ የምናወራለት የስፖርት መሣሪያ ይህንኑ ነገር ሆን ብሎ ይጠቀምበታል። ስሙ ሜስ ይባላል። አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም የብረት ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ድቡልቡል ብረት አለው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ዳምቤል ስታነሱ ክብደቱ መዳፋችሁ ላይ ነው፤ ግራና ቀኙም እኩል ነው። ሜስ ግን በአንድ ወገን ብቻ ይከብዳል። ስትይዙት ያዘነብላል፣ ይጠመዝዛችኋል፣ ወደ ራሱ ይጎትታችኋል። የእናንተ ሥራ እምቢ ማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እምቢ ማለቱ ምን ይጠቅማል? እስቲ በቀን ውስጥ የምትሸከሟቸውን ነገሮች አስቡ። በአንድ እጅ የተንጠለጠለ ጀሪካን። በአንድ ወገን የታቀፈ ሕፃን። በኮንዶሚኒየም ደረጃ ወደ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ የጋዝ ሲሊንደር። አውሮፕላን ውስጥ ከራስ በላይ የሚሰቀል ሻንጣ፤ ያውም በርበሬና ሽሮ የሞላው። ከእነዚህ ውስጥ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ ሸክም የቱ ነው? አንዱም የለም።

ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን በቀኝ እጅ ስታነሱ ሰውነታችሁ ወደ ቀኝ እንዳይወድቅ የሚይዘው በግራ ጎናችሁ ያለው ጡንቻ ነው። ወገባችሁ እንዳይጠመዘዝ ሆድና ጀርባ ተባብረው ይይዛሉ። የስፖርት ሰዎች ለዕለት ሥራ የሚሆን ጉልበት የሚሉት ይህንን ነው። ደረትና ክንድ አበጥ ብሎ መታየቱ ሌላ ነገር ነው። አንድ ነገር ሊያጣምመን ሲሞክር ሳንጣመም መቆም፣ ቆመንም መሥራት መቻል ግን ጉልበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ዕድሜ ልኳን ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትፈልጥ፣ በሙቀጫ ስትወቅጥ የኖረች እናት ሜስ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ዕረፍት ነው። የዛሬው ወሬ በዋናነት ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለምንውለው፣ መሪ ጨብጠን ለምንውለው፣ ትከሻችን ወደ ፊት ለጎበጠው ነው። እኔንም ጨምሮ ማለቴ ነው።

(ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)

ይህ መሣሪያ ከየት መጣ? ብዙ ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ ሲያየው አዲስ የፈረንጅ ፋሽን ይመስለዋል። አይደለም። አገሩ ህንድ ነው፤ ስሙም እዚያ ጋዳ ነው።

በህንድ ኩሽቲ የሚባል የትግል ስፖርት አለ። ታጋዮቹ አካራ በሚባል መለማመጃ ቦታ፣ ተቆፍሮ በለሰለሰ አፈር ላይ ይታገላሉ። በባህላዊው አካራ የሚገኘው ጋዳ በቀርከሃ ዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካ ድቡልቡል ድንጋይ ነው። ታጋዩ ከትከሻው በላይ አሳልፎ፣ በጀርባው በኩል አዙሮ፣ ወደ ፊት ይመልሰዋል። ደግሞ ያዞረዋል። ደግሞ ይመልሰዋል። የታጋይ ሥራ ሌላ ሰው ይዞ ሊጠመዝዘው ሲሞክር አለመጠምዘዝ አይደል? ጋዳው ያንኑ ያለማምደዋል።

በህንዶች ዘንድ ጋዳ ከስፖርት ዕቃነትም ያልፋል። ሀኑማን የተባለው አምላክ ሥዕሉ ላይ ጋዳ ይዞ ይታያል። ማሀባራታ በተባለው ታላቅ ጥንታዊ ታሪካቸው ውስጥም ቢማና ዱርዮዳና የመጨረሻውን ፍልሚያ የሚገጥሙት በጋዳ ነው። ዛሬም በማሃራሽትራ ግዛት የትግል ሻምፒዮን የሆነ ሰው የሚሸለመው የብር ጋዳ ነው።

ከታጋዮቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ታላቁ ጋማ ነው። በፈረንጆች 1878 ፑንጃብ ውስጥ ተወለደ። ቁመቱ መካከለኛ ነበር። በ1910 ለንደን ሲሄድ በቁመቱ ምክንያት ወደ ውድድር ለመግባት ተቸግሮ ነበር ይባላል። በኋላ ግን ሮለር የተባለውን አሜሪካዊ ታጋይ ጣለ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ላይ ደግሞ ዝቢሽኮ ከሚባል ግዙፍ የፖላንድ ታጋይ ጋር ገጠመ።

ዝቢሽኮ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መሬት ላይ በሆዱ ተኛ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተለጠፈ ቆየ፤ ጋማም ሊገለብጠው አልቻለም። ውጤቱ አቻ ተባለ። በሳምንቱ ድጋሚ ሊገጥሙ ቢቀጠርም ዝቢሽኮ አልመጣም፤ የአሸናፊነት ቀበቶውንም ጋማ ወሰደ። እንደገና የተገናኙት በ1928 ህንድ ውስጥ ፓቲያላ ላይ ነው። ያኔ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ጋማ ጣለው። አሥራ ስምንት ዓመት የቆየ ቂም በሰከንዶች ተከፈለ።

ጋማ ጉልበቱን ከጋዳ ብቻ አገኘው ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። የአካራ ታጋዮች መሠረታቸው ሁለት ነገር ነው፦ ቁጢጥ ብሎ መነሳትና ፑሽ አፕ የሚመስል የደረት እንቅስቃሴ። ጋዳው የሚመጣው ከዚያ በላይ ነው። ይህንን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በኢራንም ተመሳሳይ ነገር አለ። ዙርካኔ በሚባለው ቤት ውስጥ ስምንት ማዕዘን ባለው ጎድጓዳ ሜዳ ገብተው፣ በከበሮና በግጥም እየታጀቡ ትላልቅ የእንጨት ዱላዎች ያሽከረክራሉ። ዩኔስኮ ይህንን ሥርዓት በ2010 ከሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። እንግሊዞች ህንድን ሲገዙ ደግሞ ወታደሮቻቸው የዱላ ማሽከርከሩን ቀለል አድርገው ወደ አውሮፓ ወሰዱት። በ1904 በሴንት ሉዊስ፣ በ1932 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ላይ እንኳ ለሜዳሊያ ተወዳድረውበታል። ዱላ በማሽከርከር የኦሊምፒክ ወርቅ! ዛሬ ቢኖር ኖሮ የእኛ ገጠር እረኞች የሚለቁት አይመስለኝም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ራሳችን እንመለስ። መጀመር የሚፈልግ ሰው ምን ያህል ክብደት ይያዝ?

መልሱ ብዙዎችን ያስቀይማል። ለሴቶች ሦስት ኪሎ ገደማ፣ ለወንዶች አራት ወይም አራት ተኩል ኪሎ። በአሜሪካ ያላችሁ አድማጮቻችን በፓውንድ ነው የምታገኙት፤ ሰባት ፓውንድና አሥር ፓውንድ ማለት ነው። «እኔ ጂም ውስጥ መቶ ኪሎ አነሳለሁ፤ አራት ኪሎ ምን ታደርግልኛለች?» የሚል ጎበዝ አይጠፋም። ወንድሜ፣ መጥረጊያውን አስታውስ። ክብደቱ መዳፍህ ላይ አይደለም፤ ጫፉ ላይ ነው። ከባድ ብረት የለመደ ሰው በሜስ ቶሎ የሚጎዳውም ለዚህ ነው፤ ትልልቁ ጡንቻው ያነሳዋል፣ ትንንሾቹ የትከሻ ጅማቶች ግን አልተዘጋጁም።

ስለዚህ በቀላሉ ጀምሩ። ደግሜ ልበል? በቀላሉ ጀምሩ።

መሣሪያው የት ይገኛል? ውጭ አገር የስፖርት ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ አይጠፋም። አገር ቤት ገበያ ላይ ካጣችሁት ደግሞ ሰፈራችሁ ያለ ብየዳ ቤት ይሠራዋል፤ ጠንካራ ቧንቧና ጫፉ ላይ ድቡልቡል ብረት ነው የሚፈልገው። ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተን ክብደት የምናነሳ ሕዝብ ነን፤ ይህ አያቅተንም። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ቀልድም የለበትም። ጭንቅላቱ በብየዳ በደንብ ዙሪያውን መያያዝ አለበት። ሲሚንቶ በቧንቧ ላይ ብቻ የተለጠፈ ከሆነ አንድ ቀን ተነቅሎ ይበራል። ወዴት እንደሚበር ደግሞ ማንም አያውቅም።

ትልቁን የግንበኛ መዶሻ መጠቀም ይቻላል ወይ? ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቻላል፤ ሦስት ኪሎ ገደማ የሆነው ይበቃል። እጀታው አለመሰንጠቁን፣ ሽብልቁ አለመላላቱን በየቀኑ አረጋግጡ። መዶሻ ማዕዘን ስላለው በጀርባ በኩል ለማዞር አልመክረውም፤ ከፊት ለፊት ለሚሠሩት እንቅስቃሴዎች ግን መልካም ነው።

ቦታውስ? ከራሳችሁ በላይም፣ በዙሪያችሁም ዘንጉ ከነክንዳችሁ ሲዘረጋ የማይነካው ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። አምፖል፣ ገመድ፣ የሚሮጥ ሕፃን፣ የጎረቤት መስኮት፤ ሁሉንም አይታችሁ ጀምሩ። ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ አይሆንም፤ ታች ያለው ጎረቤት ሰላም ይደር። ፓርክ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ ከሰው ራቅ በሉ፤ በማለዳ የብረት ዱላ የሚያሽከረክር ሰው ሲያይ የማያውቅ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

(ሙዚቃ፤ ዝቅ ብሎ ከንግግሩ ሥር ይቀጥላል፣ ከዚያ ይጠፋል)

አሁን ተነሱ። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ አንድ ነገር እንሥራ።

እግራችሁን በትከሻችሁ ስፋት ክፈቱ። አንድ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። አሁን ቀለል አድርጋችሁ ሳሉ።

(የሳል ድምፅ)

ሆዳችሁ እጃችሁ ሥር ጠንከር ሲል ተሰማችሁ? ያ ነው የምንፈልገው። ሜስ በምትይዙበት ጊዜ ሁሉ ሆዳችሁ እንደዚያ ጠንከር ማለት አለበት፤ እየተነፈሳችሁ ግን። ትንፋሽ መያዝ የለም። ሌላው ደግሞ ደረታችሁ ወደ ላይ ተነፍቶ ወገባችሁ ወደ ኋላ እንዳይለጠጥ ነው። የጀማሪዎች ትልቁ ስህተት ይህ ነው፦ እጅ ወደ ላይ ሲወጣ ወገብ ወደ ኋላ ይለጠጣል። የትከሻን ሥራ ወገብ ይሠራል ማለት ነው። ማታ ላይ «ወገቤን» የሚያሰኘውም እሱ ነው።

የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ዝም ብሎ መያዝ ነው። ሜሱን በሁለት እጅ፣ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከፊታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። አንዱ እጅ የዘንጉ ግርጌ ላይ፣ ሌላው ከእሱ በላይ። የላይኛው እጅ ወደ ብረቱ በቀረበ ቁጥር ይቀላችኋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አቅርቡት። ክርናችሁ ከጎናችሁ አይራቅ። ከዚያ ዘንጉን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ቀኝ አዘንብሉት፤ መልሱት። ወደ ግራ አዘንብሉት፤ መልሱት። በግድግዳ ሰዓት ላይ 2 ቁጥርና 10 ቁጥር ያሉበትን ቦታ አስቡ፤ ከዚያ በላይ እንዲያዘነብል አትፍቀዱለት። ቀላል ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። አምስት ጊዜ ሠርታችሁ ክንዳችሁን ጠይቁት።

ሁለተኛው ቁጢጥ ብሎ መነሳት ነው። ሜሱን አግድም አድርጋችሁ ደረታችሁ ፊት ያዙት፤ እጆቻችሁ በትከሻችሁ ስፋት ይራራቁ። ብረቱ ያለበት ወገን ወደ ታች ይጎትታል። እናንተ ዘንጉን ቀጥ እንዳለ ይዛችሁ ቁጢጥ በሉ፤ ተረከዝ መሬት ሳይለቅ። ተነሱ። አምስት ጊዜ ከሠራችሁ በኋላ ብረቱን ወደ ሌላው ወገን አዙሩትና አምስት ጊዜ ድገሙ። ቅድም ያልኩትን ያዛችሁልኝ? የታጋዮቹ መሠረት ቁጢጥ ብሎ መነሳት ነበር። ሜስ እግርን ብቻውን አያጠነክርም፤ ይህንን የሚነግሯችሁ ሻጮች ጥቂት ናቸው።

ሦስተኛው ብረቱን ወደ ታች አንጠልጥሎ ማወዛወዝ ነው። እግራችሁን ሰፋ አድርጉ፤ ሜሱን ጫፉ ላይ ያዙና ከፊታችሁ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ይወዛወዝ። ዳሌያችሁ አብሮ ይዙር፤ ሲያስፈልግ ተረከዛችሁም ከመሬት ተነስቶ ይዙር። ጉልበት ቆሞ ወገብ ብቻ እንዳይጠማዘዝ። ቅልጥማችሁንም ጠብቁ፤ ብረቱ ከቅልጥም ጋር አንድ ጊዜ ከተዋወቀ ትምህርቱ አይረሳም።

(አጭር ሙዚቃ)

አራተኛው ዋናው ነው። ሰው ሁሉ በቪዲዮ አይቶ የሚጓጓለት፣ በጀርባ በኩል የሚዞረው። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ።

ይህንን መጀመሪያ በሜስ አትሥሩት። በዱላ ሥሩት። ተራ ዱላ፣ ቤት ያለው ከዘራም ይሁን መጥረጊያ። ዱላውን በሁለት እጅ ከፊታችሁ ቀጥ አድርጉት። ጫፉን በአንዱ ትከሻ በኩል ወደ ኋላ አሳልፉት። አሁን እጆቻችሁ ከራሳችሁ በላይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሆነዋል፤ ክርኖቻችሁ ወደ ጆሮ ቀርበዋል፤ ዱላው ጀርባችሁ ላይ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከዚያ በሌላኛው ትከሻ በኩል አውጥታችሁ ወደ ፊት አምጡትና አቁሙት። አንድ ዙር ማለት ይህ ነው።

አንጓችሁ ቢጠላለፍ የላይኛውንና የታችኛውን እጅ ቀያይሩ፤ ወይም በተቃራኒው አዙሩ። በአንዱ ወገን የሠራችሁትን ያህል በሌላውም መሥራት አለባችሁ። ደካማው ወገን የትኛው እንደሆነ ያን ጊዜ ታውቁታላችሁ፤ ሁላችንም አንድ አለን።

በዱላው እስክትለምዱ አንድ ሳምንት ስጡት። ሁለት ሳምንት ቢሆን የተሻለ ነው። ከዚያ ሜሱን ስትይዙ ትልቁ ምስጢር ይመጣል፦ ከጀርባችሁ ያለውን ሥራ የሚሠራው ብረቱ ራሱ ነው። ልጅ በዥዋዥዌ ስታጫውቱ መቼ ነው የምትገፉት? እየመጣ እያለ አይደለም፤ ጫፍ ደርሶ ሊመለስ ሲል ነው። ሜስም እንደዚያ ነው። ከትከሻችሁ ሲያልፍ አትታገሉት፣ በራሱ ክብደት ይውደቅ፣ በጀርባችሁ በኩል ይወዛወዝ። በሌላው ወገን ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ብቻ ወደ ፊት ሳቡት። ወደ ኋላ ሲወርድ አየር አስገቡ፤ ወደ ፊት ስትስቡት አውጡ።

በክንድ ጉልበት ብቻ ሊያዞረው የሚሞክር ሰው ከአምስት ዙር በኋላ ትከሻው ይቃጠላል። መውደቂያውን የሚጠብቅ ሰው ግን ብዙ ይቆያል። እዚህ ላይ መቸኮል ምንም አያተርፍም።

ደግሞም እያንዳንዱን ዙር ከፊታችሁ ላይ አቁሙት። ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ተንፍሱ፤ ከዚያ ቀጥሉ። ብረቱን ማስነሳት የማይችል የለም። የጀማሪ ፈተናው ማቆሙ ነው።

(ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)

በሳምንት ስንት ቀን? ሁለት ወይም ሦስት ቀን፤ በመሐል የዕረፍት ቀን እየሰጣችሁ። በአንድ ጊዜ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ይበቃል። አምስት ደቂቃውን ሰውነት ማሟሟቂያ አድርጉት፦ ትከሻ ማዞር፣ ያለ ክብደት ቁጢጥ ማለት፣ በቦታ ላይ መራመድ። ከዚያ እንቅስቃሴዎቹን በየወገኑ አምስት አምስት ጊዜ፣ ትንሽ እያረፋችሁ ሁለትና ሦስት ዙር።

ሲቀላችሁስ? ክብደት ለመጨመር አትሩጡ። መጀመሪያ የላይኛውን እጅ ከብረቱ አርቁት፤ ወደ ታችኛው እጅ አስጠጉት። ያው ሜስ ወዲያውኑ ይከብዳችኋል። ለምን? የመጥረጊያውን ነገር አሁን በቃላችሁ የያዛችሁት ይመስለኛል። ከዚያ ቁጥሩን ጨምሩ፤ ከአምስት ወደ አሥር። ሌላ ሜስ የሚገዛው በየወገኑ አሥሩን ሳትንገዳገዱ ከሠራችሁ በኋላ ነው፤ ያም ወራት ሊወስድ ይችላል። አንድ መሣሪያ ለረጅም ጊዜ ማገልገሉ ለኪስም ጥሩ ነው።

ማን ይጠንቀቅ? ትከሻው ወልቆ የሚያውቅ፣ የወገብ ዲስክ ወይም የአንገት ችግር ያለበት፣ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፤ እነዚህ አድማጮቻችን ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ለሌሎቻችን ደግሞ ሕመምን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። ጡንቻ ደክሞ በማግስቱ ቢተሳሰር ጤናማ ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ ሲወጋ፣ ወይም እጅ ሲደነዝዝ ግን በዚያው ቅጽበት አቁሙ። «ትንሽ ልታገሰው» የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። ካልተሻላችሁ ሐኪም ይያችሁ።

አንዳንዶቻችሁ «ዕድሜዬ ስልሳ ሆኗል፤ ለእኔ ይሆናል?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ከፊት ለፊት የሚሠሩት ሦስቱ እንቅስቃሴዎች፣ በቀላል ዱላ ከተጀመሩ፣ ጤነኛ ለሆነ የስልሳ ዓመት ሰው ይሆናሉ። በጀርባ የሚዞረውን ለመሥራት እጃችሁን ከራሳችሁ በላይ ያለ ሕመም ማንሳት መቻል አለባችሁ። ካልቻላችሁ ይለፋችሁ፤ ምንም አይቀርባችሁም። እንዲያውም ለእኔ ከአራቱ ሁሉ ለዕለት ኑሮ የበለጠ የሚጠቅመው ሁለተኛው፣ አግድም ይዞ ቁጢጥ ማለቱ ነው። ለዓይን የሚያምረው ግን የሚዞረው ስለሆነ ማንም አይሰማኝም።

ሜስ ቦርጭ ያጠፋል ወይ? ብቻውን አያጠፋም፤ የምግባችሁንና የእርምጃችሁን ጉዳይ አይተካም። ትከሻን ያፍታታል፣ ጭብጥን ያጠነክራል፣ ሆድና ጀርባ ተባብረው መያዝን ይለምዳሉ። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባላችሁ ሰው ካለ ዕቃ ሊሸጥላችሁ ነው።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይጀምራል)

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ገንዘብ አያስወጣም። ሜስ አትግዙ፤ ብየዳ ቤትም አትሂዱ። ዱላ ፈልጉና በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በየቀኑ አሥር ደቂቃ፣ በጀርባ በኩል የማዞሩን ነገር በግራም በቀኝም ተለማመዱ። ወገባችሁ ወደ ኋላ መለጠጥ አለመለጠጡን ከጎን ሆኖ የሚያይላችሁ አንድ ሰው አቁሙ፤ ልጅም ብትሆን ትችላለች። የከበዳችሁን፣ የቆረቆራችሁን፣ ያልገባችሁን ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት በጥያቄዎቻችሁ ላይ እንነጋገራለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ይዘጋል)